አዲስ አበባ ላይ ሩጫ መጀመር፦ ከዜሮ እስከ 30 ደቂቃ

የሯጮች አገር ልጅ መሆን ለጀማሪ ያን ያህል አይጠቅምም። እንዲያውም ይጎዳል። ገና የመጀመሪያው ቀን ጫማችንን አስረን ከግቢ ስንወጣ ኃይሌና ቀነኒሳ ፊታችን ላይ ድቅን ይላሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያየን ይመስለናል፣ ስለዚህ እንፈተለካለን። ሦስት መቶ ሜትር ሳንሞላ ትንፋሽ ያጥረናል። ጎናችንን ይወጋናል። በማግስቱ ደረጃ መውረድ መከራ ይሆንና "ሩጫ ለኔ አልተፈጠረም" ብለን ጫማውን አልጋ ሥር እንወረውረዋለን።

ያቃተን ግን ፍጥነቱ ነው። ሩጫውንማ ማንም ጤነኛ ሰው ይችለዋል።

ከዚህ በታች ያለው፣ ጭራሽ ሮጦ የማያውቅ ወይም ትምህርት ቤት ከጨረሰ ወዲህ ሮጦ የማያውቅ ሰው በ10 ሳምንት ውስጥ ሳይቆም 30 ደቂቃ እንዲሮጥ የሚያደርሰው መንገድ ነው። አዲስ አበባን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት። ሐዋሳና ባሕር ዳር ያላችሁ እድለኞች ናችሁ፤ ከፍታው ዝቅ ይላል፣ የሐይቅ ዳር ሜዳማ መንገድም አላችሁ፣ ፕሮግራሙን እንዳለ ውሰዱት።

መጀመሪያ፦ ቀስ ማለትን ልመዱ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ አናት ላይ ስትወጡ ደግሞ 3,000 ይደርሳል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። እዚህ ተወልደን ስላደግን ስንራመድ አይታወቀንም፣ ስንሮጥ ግን ሒሳቡ ይመጣል። ስለዚህ ሞባይላችሁ ላይ ያወረዳችሁት ፕሮግራም "አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ሩጥ" ካላችሁ አትስሙት፣ የተሠራው ለዝቅተኛ ቦታ ሰው ነው። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ለዕረፍት የመጣችሁም እዚያ የለመዳችሁትን ፍጥነት ቢያንስ ለመጀመሪያው ሳምንት እርሱት።

ሌላም ምክንያት አለ፣ ይሄኛው ይበልጥ ወሳኝ ነው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ለውጡ ይታወቃችኋል። አጥንትና ጅማት ግን ወራት ይፈልጋሉ። በአራተኛው በአምስተኛው ሳምንት ላይ ትንፋሻችሁ ይስተካከላል፣ "አሁንማ ችያለሁ" ትላላችሁ፣ ርቀት ትጨምራላችሁ፣ ፍጥነት ትጨምራላችሁ፣ ቅልጥማችሁ ደግሞ ገና ዝግጁ አይደለም። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሩጫው ሲከብደው ሳይሆን ሲቀለው ነው።

ፍጥነታችሁን በወሬ ለኩት። አብሯችሁ ከሚሮጠው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ መሮጥ ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ሁለት ቃል ተናግራችሁ አየር የምትስቡ ከሆነ ፈጥናችኋል፣ ቀንሱ። ብቻችሁን ከሆናችሁ "አባታችን ሆይ"ም ይሁን ፋቲሓ ድምፅ አውጥታችሁ በሉ፤ ሳይቆራረጥ ከወጣ ፍጥነቱ ትክክል ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቢያልፋችሁስ? ይለፋ።

ይሄ የጀማሪ ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማለዳ ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ጫካ ብትሄዱ፣ ትልልቆቹ አትሌቶች በቀላል ልምምድ ቀናቸው አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው በባሕር ዛፉ መሀል እየተጠማዘዙ ዱብ ዱብ ሲሉ ታያላችሁ። የሚፈጥኑበት ቀን ሌላ ነው። እኛ በቴሌቪዥን የምናየው የመጨረሻውን ዙር ብቻ ስለሆነ ሩጫ ሁሉ እንደዚያ ይመስለናል።

ሐኪም ማየት ያለበት ማን ነው?

ደም ግፊት፣ ስኳር፣ አስም ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ፣ ነፍሰ ጡሮችና በቅርቡ የወለዳችሁ፣ ዕድሜያችሁ ከ45 በላይ ሆኖ ለዓመታት ከወንበር ያልተነሳችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ክብደታችሁ በጣም ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ወር ሩጫውን ተዉትና በሳምንት አራት ቀን፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ጉልበታችሁ ያመሰግናችኋል። ሌላው ሰው በቀጥታ መጀመር ይችላል።

ጫማ

መቼም "አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ የሮጠው?" የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፣ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸንፏል። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው፣ ያውም ከሮሙ በተሻለ ሰዓት። እግራችሁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በካልሲ የኖረ ከሆነ ጫማ ያስፈልጋችኋል።

ሸራ ጫማ አይሆንም። ታኬታ አይሆንም። ለጂንስ የተገዛው የፋሽን ስኒከርም አይሆንም፣ ከባድ ነው፣ አይታጠፍም። የሚያስፈልገው ለሩጫ ተብሎ የተሠራ፣ ቀለል ያለና ከሥሩ ስፖንጅ ያለው ጫማ ነው።

አዲስ ኦርጅናል የሩጫ ጫማ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ለብዙዎቻችን የሚቀረው ኮፒ ወይም ሳልቫጅ ነው፣ የኔ ምርጫ ደግሞ ሳልቫጅ ነው። ኮፒው ከላይ ሲያዩት አዲስና የሚያብረቀርቅ ነው፣ ሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ደረቅ ነው ወይ በአንድ ወር ይሟሽሻል። ሳልቫጁ ያገለገለ ቢሆንም የተሠራው ለሩጫ ነው። ነገር ግን አይታችሁ ግዙ፣ ሻጩ ምንም ቢል። ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡትና ከኋላው እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ከሆነ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ መጥቷል፣ ተዉት። ገልብጡትና ተረከዙን እዩ፤ ጎማው ተበልቶ ስፖንጁ ከታየ አልቋል። ከጎን በኩል ስፖንጁን በአውራ ጣት ተጫኑት፣ ገባ ብሎ መመለስ አለበት፣ ድንጋይ ከሆነ ወይም በተሸበሸበ መስመር ከተሞላ ዕድሜውን ጨርሷል። ከዚያ እጠፉት፤ የሚታጠፈው ጣት ጋ ከሆነ ጥሩ፣ መሀሉ ላይ ለሁለት ከታጠፈ መልሱለት።

መለካት ያለባችሁ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እግር ቀኑን ሲውል ያብጣል። ከረዥሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ብዙ ሰው ለሩጫ ከወትሮው ቁጥር በግማሽ ወይም በአንድ ከፍ ያለ ያስፈልገዋል፤ ልክክ ያለ ጫማ ቁልቁለት ላይ የጣት ጥፍር ያጠቁራል። አዲስ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል፣ ሳልቫጅ ከዚያ ያነሰ። ጫማው ከላይ ደህና ሆኖ እግራችሁ ያለምክንያት ማመም ከጀመረ መጀመሪያ ጫማውን ጠርጥሩ።

ልብስ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ቁምጣ ወይም ቱታ፣ ቲሸርት፣ ከላይ የምታወልቁት ስስ ጃኬት። ሴቶች ገንዘብ ካላችሁ ከጫማው ቀጥሎ ጠበቅ ያለ የስፖርት ጡት ማስያዣ ላይ አውጡት። ጭን ለጭን የሚፋተግባችሁ ቫዝሊን ቀቡ።

ፌስታል ግን አትልበሱ። ማለዳ መንገድ ላይ ሆዱ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ከላዩ ሁለት ሹራብና ኮፍያ ደርቦ የሚሮጥ ሰው ሁላችሁም አይታችኋል። የሚወጣው ላብ ነው፣ ላብ ደግሞ ውሃ ነው። ቤት ገብቶ ሁለት ብርጭቆ ሲጠጣ የቀነሰው ኪሎ ይመለሳል። ስብ በላብ ተንጠባጥቦ አይወጣም፤ በሙቀት መዝለፍለፍ ግን አለ።

የትና ስንት ሰዓት

አፈር ከአስፋልት ይሻላል፣ አስፋልት ከኮብልስቶን ይሻላል። ኮብልስቶን ላይ ጭራሽ አትሩጡ፣ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ጃንሜዳ ለበዓል ወይም ለዝግጅት ካልተያዘ ለጀማሪ ከሚመቹት አንዱ ነው፣ ሜዳ ነው፣ አፈር ነው፣ የሚስቅባችሁም የለም፣ ሁሉም ለራሱ እያላበ ነው። መስቀል አደባባይ ማለዳ ይሞቃል፤ ደረጃውን ዳር እስከ ዳር እየተመላለሱ የሚሮጡትን ስታዩ ያምራል፣ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከታች ሜዳው ላይ ሁኑ። ደረጃ መውጣትና መውረድ ለጀማሪ ጉልበት ብዙ ነው። የሰፈር ኳስ ሜዳም ይበቃል፣ ዙሩ ያሰለቻል እንጂ። በኮሪደር ልማቱ የሰፉት የእግረኛ መንገዶችም ማለዳ ባዶ ሲሆኑ ጥሩ ናቸው፤ ዝናብ ሲመታቸው ግን ንጣፉ ሊያንሸራትት ይችላል።

እንጦጦስ? ቆዩ። አየሩ ልዩ ነው፣ ጫካው ደስ ይላል፣ ሁሉም "እንጦጦ ካልሮጥክማ" ይላል። ነገር ግን ዳገት ነው፣ ከከተማውም በላይ ከፍታ አለው፣ እዚያ "በወሬ ፍጥነት" መሮጥ ለጀማሪ አይቻልም። እሑድ እሑድ ለእግር ጉዞ ውጡ። ሩጫውን ከ10 ሳምንት በኋላ።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቢሆን እመርጣለሁ። ብርሃን አለ፣ ሚኒባሱና የከባድ መኪናው ጭስ ገና አልበረታም። በ10 እና በ11 ሰዓት ሌሊት የሚወጡ ጀግኖች አሉ፤ ጨለማ ውስጥ ክፍት ጉድጓድ አለ፣ ውሻ አለ፣ በከተማው ዳርቻ ጅብም አለ። ምን አጣደፋችሁ? ጠዋት የማይመቸው ሰው ከሥራ በኋላ ይሩጥ፣ ትራፊኩ ከሌለበት ቦታ። ዋናው ነገር በየሳምንቱ ያው ሰዓት መሆኑ ነው፣ "ሲመቸኝ" የተባለ ሩጫ አይሮጥም።

ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ጉዳዩ ይገለበጣል፤ በበጋ ወይ ከፀሐይ መውጣት በፊት ወይ ማታ፣ ውሃ ይዛችሁ፣ ካልሆነም ቤት ውስጥ ማሽን ላይ።

የመጀመሪያው ቀን

ከተነሳችሁ በኋላ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት መቁጠሪያውን አዘጋጁ፣ ሌላ መተግበሪያ ለጊዜው አያስፈልግም። ስልኩን በእጅ አንጠልጥላችሁ አትሩጡ፣ ለሌባ ግብዣ ነው፤ ዚፕ ያለው ኪስ ውስጥ ይግባ። ማዳመጫ የምትወዱ አንዱን ጆሮ ክፍት ተዉት፣ የመኪና ጥሩምባ መስማት አለባችሁ።

አምስት ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ተራመዱ። ይሄ ማሟሟቂያችሁ ነው። ቀዝቃዛ ጡንቻን ቆሞ መለጠጥ ከሩጫ በፊት አያስፈልግም፣ ቁርጭምጭሚትና ዳሌን ማዞር፣ ክንድ ማወናጨፍ ይበቃል። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጡ። ቀስ! እግራችሁን ከመሬት ብዙ አታንሱ፣ እርምጃችሁ አጭር ይሁን። አንድ ደቂቃው ሲያልቅ፣ ባይደክማችሁም፣ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ። እንደገና አንድ ደቂቃ። እንዲህ እያላችሁ ስምንት ጊዜ። መጨረሻ ላይ አምስት ደቂቃ ተራምዳችሁ ጨርሱ፣ ጃኬታችሁን ልበሱ፣ ባታችሁንና ጭናችሁን አሁን ለጥጡ፣ ወደ ቤት።

"ይሄ ሩጫ ነው እንዴ?" የሚል ስሜት ይመጣባችኋል። ደህና ምልክት ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ሩጫ "እጨምራለሁ" እያላችሁ የምትጨርሱት መሆን አለበት፣ መጨመር ግን የለም።

10 ሳምንቱ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመሀላቸው ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ በሉት። ሰውነት የሚጠነክረው በዕረፍቱ ቀን ስለሆነ አትዝለሉት። በሁሉም ቀን ፊትና ኋላ አምስት አምስት ደቂቃ መራመድ እንዳለ ነው።

ሳምንት 1 እና 2፦ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 8 ጊዜ።
ሳምንት 3፦ 2 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 6 ጊዜ።
ሳምንት 4 እና 5፦ 3 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 5 ጊዜ።
ሳምንት 6፦ 5 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 4 ጊዜ።
ሳምንት 7፦ 8 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 3 ጊዜ።
ሳምንት 8፦ 12 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 2 ጊዜ።
ሳምንት 9፦ 15 ሩጫ፣ 2 እርምጃ፣ 10 ሩጫ።
ሳምንት 10፦ የመጀመሪያው ቀን 20 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 25፣ ሦስተኛው 30፣ ሳትቆሙ።

አራተኛውና አምስተኛው ሳምንት አንድ ዓይነት የሆኑት ሆን ተብሎ ነው፣ ከላይ ስለ ቅልጥም ያልኩትን አስታውሱ። አንዱ ሳምንት ከከበዳችሁ ድገሙት፣ ማንም አይፈትናችሁም፣ 10 ሳምንቱ 14 ቢሆን ምንም አይቀርባችሁም። ሳምንት ሙሉ ካመለጣችሁ ካቆማችሁበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ የቀረውን ለማካካስ ሁለት ቀን በአንድ ላይ መሮጥ ክልክል ነው።

የዕረፍት ቀን ላይ አንድ ነገር ማድረግ ከፈለጋችሁ ቤት ውስጥ አሥር ደቂቃ የጥንካሬ ሥራ ሥሩ፦ ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ፣ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ማውረድ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት። ቅልጥምና ጉልበትን ከጉዳት የሚጠብቀው እሱ ነው። የሚሠራው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ አሰልቺ ነዋ።

ትንፋሽና አካሄድ

"በአፍንጫ ብቻ ተንፍስ" የሚለውን ምክር እርሱት። በአፍንጫም በአፍም፣ አየር በገባበት ይግባ። ጎናችሁን ከወጋችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ በረዥሙ አየር አስወጡ፣ የወጋችሁን ቦታ በእጃችሁ ጫን አድርጉ፤ ካልለቀቀ ተራመዱ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከበሉ ብዙም ሳይቆዩ ሲሮጡ ወይም ሲፈጥኑ ነው።

አካሄድ ላይ የምለው ትንሽ ነው። እግራችሁን ወደ ፊት አርቃችሁ አትወርውሩ፣ ከሰውነታችሁ ሥር ይረፍ። ትከሻ ላላ፣ ቡጢ ላላ። አሥር ሜትር ወደ ፊት እዩ። የተቀረውን ሰውነታችሁ ራሱ ይማረዋል።

ምግብ፣ ጾም፣ ውሃ

ለ25 ደቂቃ ሩጫ የተለየ ምግብ አያስፈልግም። ጠዋት በባዶ ሆድ መሮጥ ይቻላል፤ የሚያዞራችሁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ በሻይ። (ስኳር ያለባችሁ ይሄን ከሐኪማችሁ ጋር ጨርሱ።) እንጀራ በወጥ በልታችሁ ከሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ፣ በተለይ ቅባት የበዛበት ወጥ ከሆነ፣ አለዚያ ሽንኩርቱ መንገድ ላይ ያስታውሳችኋል። ከሩጫ በኋላ በሶ በጥብጣችሁ ብትጠጡ ከየትኛውም የታሸገ የስፖርት መጠጥ አይተናነስም፤ ከዚያ የወትሮውን ቁርስ፣ እንቁላል ወይም ሽሮ ወይም ምስር ያለበት ቢሆን ለጡንቻው ጥሩ ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ፣ ሩጫውን ከመብላታችሁ በፊት ካለው የመጨረሻ ሰዓት ጋ አስጠጉት፣ ወይም በልታችሁ ሁለት ሰዓት ቆይታችሁ ማታ ሩጡ። በረመዳን ያላችሁም እንደዚሁ፤ ከአፍጥር በፊት ባለው ሰዓት ላላ ያለ ሩጫ፣ ወይም ከአፍጥር በኋላ ምግቡ ሲወርድ። በጾም ወቅት የሳምንቱን ደረጃ ጠብቆ መቆየት ይበቃል፣ ወደ ሚቀጥለው አትለፉ። ካዞራችሁ ቁሙ፣ ተቀመጡ።

ውሻ፣ ለካፊና አድናቂ

ውሻ ሲጮህባችሁ ሩጫችሁን አቁሙ። የሚሮጥ ነገር ያባርራል፣ የቆመን ብዙ ጊዜ ይተዋል። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ፤ ከቀረበ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ፣ የአገራችን ውሻ ይሄን ምልክት አሳምሮ ያውቃል። ከነከሳችሁ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ ክትባቱን እስከ መጨረሻው ጨርሱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል።

ሰውም አለ። የታክሲ ረዳቱ "አይዞህ ቀነኒሳ!" ይላል፣ ልጆች መቶ ሜትር አብረው ይሮጣሉ። ፈገግ በሉና እለፉ። ሴቶች ላይ ያለው ለከፋ ግን የሚያስቅ አይደለም፣ ብዙዎችም ያቆሙት በሱ ምክንያት ነው። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ውጡ፣ ሌሎች ሯጮች ያሉበት ሜዳ ምረጡ፣ መንገዳችሁንና ሰዓታችሁን ለቤት ሰው ንገሩ። ወንዶች ወንድሞች ደግሞ፣ እህታችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ መሮጥ ከፈለገች በሷ ፍጥነት አብራችሁ ውጡ፤ ከላይ እንዳልኩት ፍጥነቱ ለእናንተም የሚሆን ነው።

ሲያም

መዛልና ሕመም ይለያያሉ። ሁለቱም ጭን፣ ሁለቱም ባት፣ ሰፋ ብሎ የሚሰማና በሁለት ሦስት ቀን የሚለቅ ከሆነ መዛል ነው፤ ተራመዱ፣ ይለቃል። በአንድ እግር፣ በአንድ ነጥብ ላይ በጣት የሚያሳዩት፣ በሮጡ ቁጥር የሚብስ፣ የሚያስነክስ ከሆነ ሕመም ነው፣ አቁሙ። ጀማሪን በብዛት የሚይዘው የቅልጥም የፊት ለፊት ሕመም ነው። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሩጫውን በእርምጃ ተኩ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 ደቂቃ ላልበለጠ ያዙበት፣ ሳያም ስትራመዱ ሁለት ደረጃ ዝቅ ብላችሁ ተመለሱ።

ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት የብዙ ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ጎበዝ ወጌሻ እንዳለ አውቃለሁ፣ አልሳደብም። ነገር ግን ቅልጥም ላይ በነጥብ የሚያም ሕመም የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ ያን ማሸት ማባባስ ነው። ሁለት ሳምንት አርፋችሁ ካልቀነሰ፣ ወይም ሌሊት ተኝታችሁም የሚያም ከሆነ፣ ሐኪም ይየው።

ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ራስ መሳት ካጋጠማችሁ ወዲያው ቆማችሁ ሆስፒታል ሂዱ። ትኩሳት ያለበት ጉንፋን ሲይዛችሁም "በላብ ላውጣው" አትበሉ፣ ተኙ።

ክረምት

ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጀመራችሁ ካላችሁ አከብራችኋለሁ። ጭቃው ያንሸራትታል፣ ጫማው አይደርቅም። ጠዋት ብዙ ጊዜ ዝናቡ ጋብ ስለሚል ያን ሰዓት ተጠቀሙ፤ መብረቅ ካለ ሜዳ ላይ አትገኙ፣ ዛፍ ሥርም አትቁሙ። የረጠበ ጫማ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቁበት፣ ውሃውን ይስበዋል፣ ምድጃ ዳር ግን አታስቀምጡት፣ ማጣበቂያው ይላቀቃል። ለመጀመር የሚመቸው ወቅት ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ነው፤ የጥቅምት ጠዋት ብርድ ይቆነጥጣል፣ አየሩ ግን ጥርት ያለ ነው።

ከ30 ደቂቃ በኋላ

ሠላሳ ደቂቃ ሳትቆሙ ስትሮጡ፣ ርቀቱ 4 ኪሎ ሜትርም ሆነ 5 ግድ የለም፣ እዚያው ላይ አንድ ወር ቆዩ። ከዚያ ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ አስረዝሙት፣ ሁለቱ ባሉበት ይቆዩ። አንድ ሰዓት ሲደርስ፣ እንደየሰው ፍጥነት፣ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር ትሮጣላችሁ ማለት ነው።

ያ ደግሞ ታላቁ ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ የመሠረተው ይህ የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ኅዳር 1994 ላይ ሲጀመር 10 ሺህ ሰው ነበረው፣ የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ነው። አሁን ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል፣ አብዛኛው ደግሞ ሲጨፍርና ሲዘፍን የሚሄድ ሰው ስለሆነ መጨረሻ እወጣለሁ ብላችሁ አትስጉ። ለሴቶች መጋቢት ላይ 5 ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ሩጫ አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ይበልጥ ይመቻል። ምዝገባው ቶሎ ስለሚሞላ ቲሸርቱን ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ ከዚያ ከውድድሩ ቀን 20 ሳምንት ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ሳምንት 1ን ጀምሩ። በዕለቱ መነሻው ላይ ሕዝቡ ሲነቀነቅ እግራችሁ መፈትለክ ይፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ሁለት ኪሎ ሜትር ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር እያወራችሁ ሂዱ።